የመምህሩ ምዘና ክፍል ውስጥ ይጀመር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያጎለብት ይጠበቃል። ሐሳቡ ግሩም ነው። እኛ ጋ ግን ሰዓቱ የሚያልቀው ፖርትፎሊዮ (የሥራ ማስረጃ ማኅደር) በመሙላት ነው፤ ያምናው ዕቅድ ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ተቀይሮ ሲቀርብ የሚጠይቅ የለም። የሥራ አፈጻጸም ውጤትም ተሞልቶ ይመጣና "ፈርሙ" እንባላለን።

አንድ ጊዜ አጎራባች ትምህርት ቤቶችን የሚያስተባብረው የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲከታተሉ ቆዩና፣ "ጠይቀሽ ትንሽ ጠብቂያቸው" አሉኝ። ዝም ይሉ የነበሩ ልጆች ዛሬ እጃቸውን ያወጣሉ። ትምህርት ቢሮዎች ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት እንዲህ ያለ የክፍል ምልከታና ውይይት ግዴታ ያድርጉልን። ጀማሪ መምህራንን የሚያማክሩ ነባር መምህራንም የክፍለ ጊዜ ጫናቸው ይቀነስላቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት መምህርት፣ ከደሴ