የወተት ቁጥጥር ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዘዋወር

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የወተት ደኅንነት ቁጥጥር በየጊዜው እጅ መለዋወጡ ስለሚያስከፍለን ዋጋ፣ በአንድ የወተት ማቀነባበሪያ የጥራት ክፍል ውስጥ ለአሥራ አንድ ዓመታት ከሠራሁት ሥራ ተነሥቼ ሐሳቤን ለአንባቢያን ለማካፈል እወዳለሁ።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661 የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥርን በአንድ ባለሥልጣን ሥር አዋለ። በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 728 የእንስሳት መድኃኒትና መኖ የራሱ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እንዲኖረው ተደረገ። በ2011 ዓ.ም. የምግቡ ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት እንደ አዲስ ተደራጀ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የመኖው ሥራ በኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ውስጥ ተጠቃለለ። ለእያንዳንዱ ለውጥ በቂ ምክንያት እንደነበረ አልጠራጠርም። ለላሟ የቀረበላት ፋጉሎ፣ የታከመችበት መድኃኒት፣ ወተቱ የተቀዳበት ጄሪካን፣ የመሰብሰቢያ ጣቢያው፣ ፋብሪካውና ሱቁ ግን ለወተቱ አንድ መንገድ ናቸው፤ ሥልጣን በተዛወረ ቁጥር ይህ መንገድ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጣል።

እኔ በሠራሁበት ቦታ የሆነውን ልንገራችሁ። የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የአሠራሩ እንጂ የግለሰቦች አልነበረምና። ለዓመታት ይጎበኙን የነበሩት ተቆጣጣሪ እንደገቡ በቀጥታ ወተቱን በሙቀት ከጀርም ወደሚያጸዳው ማሽን፣ ወደ ፓስቸራይዘሩ ሄደው የሙቀት መመዝገቢያውን ወረቀት ያወጡና ወተቱ ለ15 ሰከንድ 72 ዲግሪ ላይ መቆየቱን መስመር በመስመር ያዩ ነበር። አንድ ጊዜ የማለዳውን መዝገብ ሲያገላብጡ፣ የማሽኑ ሙቀት ለጥቂት ደቂቃ መውረዱን እኛ ሳናየው እሳቸው አይተው የዚያን ቀን ምርት እንድንደፋ አድርገውናል። ኃላፊነቱ ሲዛወር እሳቸው በነበሩበት ቀሩ፤ የሦስት ዓመት የላቦራቶሪ ውጤት የያዘው ፋይላችንም ከእሳቸው ጋር ቀረ። ለሰባት ወራት ማንም አልመጣም። በመጨረሻ የመጡት ባለሙያ ትጉ ወጣት ነበሩ፤ ሆኖም በእጃቸው የነበረው የመጠይቅ ቅጽ ለሌላ ዓይነት ድርጅት የተዘጋጀ በመሆኑ ስለ ወለሉ ንጣፍና ስለ እሳት ማጥፊያው ጠይቀው ሄዱ። የብቃት ማረጋገጫችን እንደ አዲስ እንዲጀመር ታዘዘ፤ ያንኑ ናሙና ለማስመርመር ሁለተኛ ከፈልን። ገንዘቡ ይመለሳል፤ ተቆጣጣሪ ባልነበረባቸው ሰባት ወራት በየቤቱ የተጠጣውን ወተት ግን መልሶ የሚመረምር የለም።

አንባቢ ያስታውስ እንደሆነ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ መገኘቱ ተሰምቶ ሕዝቡ ደንግጦ ነበር። መጠኑ በሊትር ከ0.05 ማይክሮግራም ያልበለጠባቸው 9 ብቻ ነበሩ። መርዙ ከሻገተ መኖ፣ በተለይም ከኑግ ፋጉሎ የሚመጣ ሲሆን በማፍላትም ሆነ በፓስቸራይዜሽን አይጠፋም። ስለዚህ ወተቱን የሚቆጣጠር ሰው ችግሩን ሲያገኝ በዚያው ዕለት መኖውን የሚቆጣጠረውን መጥራት መቻል አለበት። እኔ ራሴ በአንድ አርሶ አደር ጎተራ ውስጥ ከሥሩ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣ የፋጉሎ ጆንያ አግኝቼ ለማን ማመልከት እንዳለብኝ ስጠይቅ ሦስት ቢሮዎች አንዳቸው ወደ ሌላቸው መርተውኛል። ጆንያው በዚያ ሳምንት ውስጥ ለላሞቹ ተሰጥቶ አልቋል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በቻይና እ.ኤ.አ. በ2008 ሜላሚን የተባለ ኬሚካል በተቀላቀለበት ወተት ምክንያት 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ሲታመሙ 6 ሞተዋል። ቁጥጥሩ በበርካታ መሥሪያ ቤቶች መካከል የተከፋፈለ ነበር፤ በገበሬውና በፋብሪካው መካከል ያሉትን የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ግን በግልጽ የእኔ ናቸው የሚል አልነበረም።

ሥልጣን ፈጽሞ አይዛወር አልልም። ሲዛወር ግን ፋይሉ፣ ባለሙያውና የላቦራቶሪ በጀቱ አብረው ይሂዱ፤ አዲሱ ተረካቢ ሥራውን በሚገባ እስኪይዝ ድረስ የቀድሞው ከኃላፊነት አይውጣ፤ በሕግ የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫም ጊዜው እስኪያልፍ ይጽና። ከሁሉ በፊት ግን፣ ገና ሳይነጋ በሱሉልታና በሙከጡሪ መንገድ ዳር ጄሪካን ተደርድሮ ወተት በላክቶሜትር (የወተቱን ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) እና በአልኮል የሚፈተሽባቸውን ትንንሽ ጣቢያዎች ዛሬ የሚቆጣጠረው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣ የሚመለከተው አካል በዚሁ ጋዜጣ ላይ በስም እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የወተት ጥራት ባለሙያ
ከሱሉልታ