ይድረስ ለእታለም፦ ማንም አይጦረኝም

እታለም፣ እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን በዚሁ ልለፈውና ወደ ነገሬ ልግባ።

የድምፅ መልእክትሽን ሰማሁት። እማዬ ጎረቤት ፊት ቀና ማለት አቃታት ያልሽው አንጀቴን በላው። ከዚህ ከአሜሪካ፣ ከሲያትል ለእረፍት የመጣው ሰውዬ «ልጃችሁ ሥራ ፈትቶ ቤት ተቀምጧል፣ መንግሥት ነው የሚጦረው» አለ አሉ። አልቀየመውም። ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ ግን እኔው ልንገርሽ። ለእማዬ ቀስ ብለሽ አንብቢላት፤ የሚዘለል ሲመጣ አስታውስሻለሁ።

አዎ፣ ከሥራ ወጥቻለሁ። ከሲያትል ወደ ደቡብ ኬንት የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ማለት ነው፣ እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። ኩባንያው ሥራ ቀዘቀዘ ብሎ የኛን ፈረቃ ሙሉውን አሰናበተ። ሰርቄ አይደለም። ከአለቃ ተጣልቼም አይደለም። ሌይኦፍ ይሉታል እዚህ። ያለ በቂ ምክንያት ሥራውን ጥሎ የወጣ ወይም በጥፋት የተባረረ ሰው አንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ፣ አያገኝም። እኔ ግን ተፈቀደልኝ። ለጎረቤት ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር ይቆጠርላቸው?

ለምን ደበቅከን ላልሽው፣ አዎ ደብቄያችኋለሁ። ለእህታችን ለሚጡ ሽማግሌ ተልኮ፣ የሰርጉ ቀን ተቆርጦ፣ ቤቱ በደስታ ላይ ነው። የእማዬ የደም ግፊት ደግሞ ለመነሳት ምክንያት አይፈልግም። ነግሬያችሁ ቢሆን ሰርጉን ትሰርዙት ነበር። አሁንም ቢሆን ይህንኑ ነው የማደርገው።

«መንግሥት ይጦረዋል» ለሚለው ይኸውልሽ። አባባ ያረፈ ጊዜ ድንኳኑን ማን ተከለው? ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ሰሐኑን ማን አመጣው? እድር ነው። ያኔ ለማኝ ያለን ሰው የለም፤ አባባ በየወሩ ሲከፍል የኖረበት ነዋ። ይሄም ያው ነው። ልዩነቱ፣ እኔ ባለሁበት በዋሽንግተን ስቴት ውስጥ መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ሠራተኛ በቀጠረ ቁጥር ለዚሁ ተብሎ ግብር ያስገባል። እኔ ሌሊት ካርቶን ስሸከም እሱ በእኔ ሥራ ልክ ሲከፍል ነበር ማለት ነው። ሕጉም ትናንት የመጣ አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረመበት ነው፤ ጣሊያን እኛን በወረረበት በዚያው ዓመት። አሜሪካም ያኔ ሥራ ጠፍቶ ሕዝቡ ለዳቦ የሚሰለፍበት ክፉ ቀን ላይ ነበረች።

ደግሞ ዝም ብሎ የሚታደል አይምሰልሽ። ከማመልከትሽ በፊት ተቆጥሮ በሚያዝልሽ ዓመት ውስጥ 680 ሰዓት ሠርተሽ መገኘት አለብሽ። የሚከፈለው ከደመወዝ ግማሽ ቢሆን ነው። ለመጀመሪያው ሳምንት ቅጹ ይሞላል እንጂ አይከፈልበትም። ቢበዛ 26 ሳምንት ነው፣ ከዚያ በቃ።

በየሳምንቱም ቃል መስጠት አለ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሻይ ጥጄ ስልኬን እከፍታለሁ። ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ያለውን ሳምንት አንድ በአንድ ይጠይቁኛል። ለመሥራት አቅም ነበረህ? ዛሬ ና ቢሉህ ትገባ ነበር? የተሰጠህን ሥራ እምቢ ብለሃል? ያገኘኸው ገንዘብ አለ? ሥራ ፈልገሃል? ይህቺን የመጨረሻዋን «አዎ» ብሎ መገላገል የለም። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ሙከራ ይጠበቅብኛል። የት እንዳመለከትኩ፣ በምን ቀን፣ በምን መንገድ፣ ሁሉንም ደብተር ላይ እይዛለሁ፤ አምጣ ካሉ አሳያለሁ። ደብተሩን ብታይው ትስቂያለሽ። ሆቴል፣ ዳቦ ቤት፣ ኤርፖርት፣ የአረጋውያን መጦሪያ ሁሉ አለበት። ተጧሪ የተባልኩት ሰውዬ መጦሪያ ውስጥ ሥራ እየለመንኩ ነው በያት ለእማዬ፤ ትስቅ ይሆናል።

ይህቺን አንቀጽ ግን አታንብቢላት። አንድ ሳምንት ጉንፋን ጥሎኝ ነበር። ለመሥራት አቅም ነበረህ ለሚለው እውነቱን ሞላሁ፤ ከክፍያው ቀነሱብኝ። አብሮኝ የሚኖረው የጎንደር ልጅ አጥሚት አፈላልኝ። ቀጥኖ ነበር፣ ግን እየጠጣሁ እማዬን እያሰብኩ እንባዬ መጣ። ልጁ ትኩሳቱ መስሎት ተደናገጠ። አሁን ድኛለሁ፣ አትጨነቂ።

አንዳንድ ወዳጅ ደግሞ «ፓርኪንግ ላይ ገባ እያልክ በጥሬው ተቀበል፣ ማን ያይሃል» ይለኛል። ሠርተሽ ያገኘሽውን ገና ብሩ እጅሽ ሳይገባ፣ በሠራሽበት ሳምንት ነው የምታስመዘግቢው፤ ያውም ግብር ሳይነሳለት። ደብቆ የተያዘ የበላውን ይመልሳል፣ ቢያንስ 15 በመቶ ቅጣት ይጨምራል፣ ከዚያ ይታገዳል። እኔ ለዜግነት ላመለክት የተነሳሁ ሰው ነኝ። ለጥቂት ዶላር ብዬ በሐሰት አልፈርምም። አንኢምፕሎይመንቱ ራሱ ግን ዜግነቴን አይነካም። ሰውዬው «የመኖሪያ ወረቀቱን ይነጥቁታል» ማለቱንም ሰምቻለሁና ነው።

የዚህ ወር ዶላር አንሷል። አንቺ ላታውቂው ትችያለሽ፤ በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ጥቂቱም ዶላር ብዙ ብር ሆኖ ነው የሚደርሳችሁ። ብዙ ብር ይዞ ገበያ መውጣት ምን እንደሆነ ደግሞ እማዬ ትንገረኝ። ሥራ ስገባ እንደ ድሮው ይሆናል።

አሁን ወደ ሚጡ ሰርግ።

አልመጣም፣ እታለም። እዚያ ሆኜ «ዛሬ ና ቢሉህ ትገባለህ ወይ» ለሚለው አዎ ማለት አልችልም። ከአገር የወጣሁበት ሳምንት ይቃጠላል። ሳልሞላ ካለፈኝም እንደገና ማስከፈት አለብኝ። በዚያ መሀል ካመለከትኩባቸው አንዱ ቢደውልስ? ትኬቱንማ ተይው። «ሥራ የለውም፣ ጊዜ አለው፣ ታዲያ ለምን አይመጣም» ብለሻል። ጊዜማ አለኝ። ጊዜዬ ግን የራሴ አይደለም።

እማዬ «ከፋሲካ በኋላ እናድርገው» እንዳትል። ያኔ አዲስ ሥራ ይዤ ከሆነ ገና በቅጡ ሳልለምድ ማን ፈቃድ ይሰጠኛል? ጥምቀት እንዳለፈ በተቆረጠው ቀን ይሁን። የልጁን ቤተሰብም አታጉላሉ።

ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ የሚመጣብኝ ሰርጉ ራሱ አይደለም፣ ዋዜማው ነው። ሴቶቹ ጓሮ ተቀምጠው ሽንኩርት እየላጡ፣ እያለቀሱም እየሳቁም። ዳሱ ውስጥ ገና ያልተዘረጋው ወንበር። አክስቴ ጠላው አልደረሰም ብላ ስትጮህ። ሚጡ ደግሞ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ፀጉሯን በሻሽ አስራ ሻይ ስትጠጣ። ትንሽ ሆና ትምህርት ቤት ሳደርሳት እጄን አለቅም ብላ በር ላይ ታለቅስ ነበር።

ጉልበት ስትስም አባባ ቦታ ላይ ማን ይቀመጣል ብዬ ስጨነቅ ከረምኩ። እኔ ነበርኩ መቀመጥ የነበረብኝ። አጎታችን ይቀመጥ። እኔ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ፤ አንቺ እንዳትቀድሚኝ፣ ከእኔ አፍ ይስማው። የቬሎው ኪራይ በእኔ ነው ብያለሁ፣ አሁንም በእኔ ነው። ለብቻው ልኬዋለሁ። ሚጡ «አልፈልግም፣ ለራስህ አድርገው» ካለች ተቆጪያት። ይሄን እንኳ ካላደረግኩ ምኑን ወንድም ሆንኩ?

ሰውዬው ከመመለሱ በፊት ትንሽ በርበሬና ሽሮ ስጪው። ወሬዬን ይህን ሁሉ መንገድ ተሸክሞ የመጣ ሰው በርበሬ አይከብደውም።

ከላክሁት ላይ ለእማዬ መድኃኒት ያልኩትን ለሰርጉ እንዳትነኩት። የሰርጉ ሥጋ ይነስ፣ ክኒኑ አይቋረጥ። ሰርጉ ሳይደርስ ጤና ጣቢያ ወስደሽ ግፊቷን አስለኪላት። ቁጥሩን የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ አትለጥፊው፤ ለእኔ ለብቻዬ ላኪልኝ። የላይኛውንም የታችኛውንም ጻፊ። «ደህና ናት» ብለሽ ብቻ እንዳታልፊኝ።

ወንድምሽ