የወረቀት አበባ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን በ23 አባላት ጀምሮ በ17 ጨርሷል። ስድስቱ የወጡት ሥራውን ጠልተው አይደለም። የእኛ ቀንና የስፖርት ክበቡ የልምምድ ቀን አንድ ላይ ስለዋለ ነው፤ ይህንንም ገና በመጀመሪያው ወር አመልክተን ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ለ50 ደቂቃ ተገናኝተናል። ሥራ አስፈጻሚ ተመርጧል፣ ዕቅድ ወጥቷል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፤ ዝርዝሩ ፋይላችን ውስጥ ስላለ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

እዚህ መጻፍ ያለበት ሥራው ነው። ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ «ይሄ ለቤት ማስጌጫ ካልሆነ ለትምህርት ምን ይረባል?» የሚል ጥያቄ ሲነሳብን ከርሟል። ጠያቂዎቹ ትምህርት ቤቱን የሚወዱ ሰዎች ናቸውና መልስ ይገባቸዋል። መልሱ ደግሞ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው።

ክሬፕ ወረቀት ሽብሽብ ነው፤ ሽብሽቡ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው። ወረቀቱ የሚለጠጠው ሽብሽቡን አቋርጠው ሲስቡት ነው፤ በሽብሽቡ ርዝመት ቢስቡት ንቅንቅ አይልም፣ ይቀደዳል። ስለዚህ ፔታል (የአበባው ባለ ቀለም ቅጠል) ሲቆረጥ ሽብሽቡ ከግርጌው ወደ ጫፉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። እንደዚያ ከተቆረጠ፣ ሁለት አውራ ጣት መሃሉ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገፉት ሆዱ እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል፣ ጠርዙም እንዳለ ይቀራል። ጠርዙም አብሮ ከተለጠጠ ፔታሉ ጠፍጣፋ ይሆናል። መሃሉን ከመጠን በላይ የለጠጠው ተማሪ ደግሞ ሌላ ነገር ያያል፤ ሽብሽቡ ጠፍቶ ወረቀቱ ይላላል፣ ተመልሶም አይሰበሰብም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከቆረጥነው ግማሽ ያህሉ የተጣለው ሽብሽቡ ወደ ጎን ሆኖ ስለተቆረጠ ነው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ራሳቸው «መጀመሪያ መስመሩ፣ ቀጥሎ መቀሱ» የሚል ደንብ አወጡ፤ በየካርቶን ቅዱም ላይ ሽብሽቡ የሚሄድበትን አቅጣጫ በቀስት ምልክት አደረጉ።

ያለን ወረቀት ለበዓል ማስዋቢያ የሚውለው ስስ ዓይነት ነው። በአንድ ሉህ የተሠራ ፔታል በማግስቱ ይጠወልጋል። መፍትሔ ያደረግነው ሁለት ሉህ በቀጭኑ በተቀባ ነጭ ኮላ ማጣበቅ ነው። የሁለቱም ሽብሽብ ወደ አንድ አቅጣጫ መሆን አለበት፤ ከተጠላለፈ አንዱ ሌላውን ይይዘዋልና መለጠጥ የሚባል ነገር አይኖርም። ቅርጹም ኮላው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መሰጠት አለበት። ጥሩ ይሠራል፤ ነገር ግን ወረቀቱንም ኮላውንም እጥፍ ይፈጃል፣ ከ50ው ደቂቃ 20ውን ደግሞ ማጣበቅና መጠበቅ ይበላዋል።

ጽጌረዳ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ወስዶብናል፤ ብዙ ነው የሚል ካለ አሠራሩን ይመልከት። ግንዱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሽቦ ነው። ጫፉ በፒንሳ እንደ መንጠቆ ካልታጠፈ አበባው ሽቦው ላይ ይሽከረከራል፣ በኋላም ተነቅሎ ይወጣል። መንጠቆው ላይ ጥጥ ተጠቅልሎ 2 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 1.5 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የእንባ ጠብታ ቅርጽ ይሠራል። ከዚህ ከተለቀ አበባው ኳስ ይመስላል። ቀጥሎ 4.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው 3 ፔታሎች ጥጡ እስኪሸፈን ድረስ ጥብቅ ተደርገው ይጠቀለላሉ፤ ከዚያ 5.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 5፣ በመጨረሻ 6 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 7 ይከተላሉ። እያንዳንዱ ፔታል የሚያርፈው ከሥሩ ባሉት ሁለት ፔታሎች መጋጠሚያ ላይ ነው። የሁሉም ግርጌ አንድ መስመር ላይ ካልዋለ አበባው በሽቦው ላይ ወደ ታች እየወረደ ይረዝማል። ኮላ የሚነካው የታችኛውን 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወረቀቱ ይርሳል፣ ቀለሙም ይለቅና ጣት ላይ፣ ከጣትም ነጩ ፔታል ላይ ይሄዳል።

የውጪዎቹ ፔታሎች ጠርዝ በእንጨት ስንጥር ወደ ኋላ ይጠቀለላል። የሚጠቀለሉት ግን ሁለቱ ትከሻዎች ናቸው፤ መሃሉ ሳይነካ ስለሚቀር ያ የጽጌረዳ ሹል ጫፍ ይወጣል። ብዙ የወረቀት ጽጌረዳዎችን ሐሰተኛ የሚያስመስላቸው ጠርዙን ዙሪያውን እኩል መጠቅለል ነው። ቀለሙም እንዲሁ ነው፤ እውነተኛ አበባ አንድ ወጥ አይደለም። የባለ ቀለም ጠመኔ ብናኝ በጥጥ ተነክቶ ግርጌው ላይ ቢጫ፣ የመሃሎቹ ፔታሎች ላይ ጠቆር ያለ ቀለም ይታሻል። ይህ የሚደረገው ከመገጣጠሙ በፊት ነው፤ ከተገጣጠመ በኋላ እጅ አይገባም።

ቅጠሉ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አንድ አራት ማዕዘን ክሬፕ በሰያፍ ለሁለት ይቆረጣል፤ አንዱ ግማሽ ተገልብጦ በዚያው በሰያፉ ጠርዝ ከሌላው ጋር ይጣበቃል። ያኔ ሽብሽቡ ከመሃል ወደ ሁለቱ ጎኖች እንደ ዓሣ አጥንት ይወጣል፤ የቅጠሉ ደም ሥሮች ማለት እነሱ ናቸው። ቀጭን ሽቦ መጋጠሚያው ላይ በጀርባ በኩል ይለጠፋል፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ይነከሳል። አንድ የጽጌረዳ ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ 5 ትንንሽ ቅጠሎች አሉት፤ አንዱ ጫፍ ላይ፣ አራቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው በጎን። ግንዱ የሚለበሰው ሰም በነካ አረንጓዴ የወረቀት ቴፕ ነው፤ ቴፑ የሚይዘው እየተለጠጠ ሲጠመጠም ብቻ ነው። ሲያልቅብን ከአረንጓዴ ክሬፕ 1 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሪባኖች፣ ሽብሽቡን አቋርጠን ቆርጠን፣ ኮላ እየቀባን ተክተናል።

አሁን ወደ ሴፓሎቹ እንምጣ፤ ሴፓል ከፔታሎቹ ሥር ያለው አረንጓዴው ክፍል ነው። ቅዳችን አምስቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ ነበር የሚያወጣቸው። በሁለተኛው ሴሚስተር መጀመሪያ ላይ አባላቱ ወደ ግቢው የአበባ መደብ ወጥተው እያንዳንዳቸው አንድ እንቡጥ እንዲመለከቱ ተደረገ። አብዛኞቹ ፔታል ሲቆጥሩ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ በስብሰባ ላይ ድምጿ ብዙም የማይሰማ ልጅ፣ የወደቀ እንቡጥ አንስታ አምስቱን ሴፓሎች አንድ በአንድ ነቅላ ደብተሯ ላይ ደረደረች። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየቻቸው። ከዚያ «ቲቸር፣ እኩል አይደሉም እኮ» አለች።

እውነቷን ነበር። ሁለቱ በሁለቱም ጠርዛቸው ዘርፍ (ቀጫጭን ተንጠልጣይ ቅጥያ) አላቸው፤ ሁለቱ ልሙጥ ናቸው፤ አምስተኛው በአንድ ጎኑ ዘርፍ አለው፣ በሌላው ጎኑ የለውም። ሌሎቹ መጥተው ከበቧትና የየራሳቸውን ነቀሉ። የተቀደደውንና ነፍሳት የበላውን ትተን የቀረው ሁሉ እንደዚያው ወጣ። ምክንያቱን ያገኘችውም እሷው ናት። ያልተነካ እንቡጥ ቀስ አድርጋ እያዞረች ሴፓሎቹ እንዴት እንደሚደራረቡ አየች። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ከላይ ናቸው፤ ሁለቱ በሁለቱም ጎን በጎረቤቶቻቸው ተሸፍነዋል፤ አንዱ አንድ ጎኑ ከላይ፣ አንድ ጎኑ ከሥር ነው። ዘርፍ የሚያወጣው ከላይ የዋለው ጠርዝ ብቻ ነው፤ የተሸፈነው ልሙጥ ይቀራል።

በብዙ የጽጌረዳ ዝርያዎች የሚታየው ይህ ነገር በላቲን የቆየ እንቆቅልሽ አለው፦ አምስት ወንድማማቾች፣ ሁለቱ ጢማም፣ ሁለቱ ጢም የለሽ፣ አንዱ ግማሽ ጢሙን የተላጨ። ልጅቷ እንቆቅልሹን ሰምታ አታውቅም፤ መልሱን ከአበባው ነው ያገኘችው። በሚቀጥለው ሳምንት አሮጌው ቅድ ተጥሎ በእሷ እጅ የተሣሉ ሦስት ዓይነት ቅዶች ተተኩ፤ ዛሬም የምንቆርጠው በእነሱ ነው። ለትምህርት ምን ይረባል ላሉን ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

መልሱ አዲስም አይደለም። ሜሪ ዲሌኒ የተባሉ እንግሊዛዊት በ1772፣ በ72 ዓመታቸው፣ አበባን ከባለ ቀለም ወረቀት ቆርጦ በጥቁር ወረቀት ላይ መለጠፍ ጀምረው ወደ 1,000 የሚጠጋ ሥራ ትተዋል፤ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሊዮፖልድና ሩዶልፍ ብላሽካ የተባሉ አባትና ልጅ ከ1887 ጀምሮ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሠሯቸው የመስታወት አበቦች የታዘዙት የዕፅዋት ትምህርት እንዲሰጥባቸው ነው። እጅ የሠራውን ዓይን አይረሳውም።

ከጽጌረዳው በኋላ ወደ ሊሊ አለፍን፤ ጊዜ ስላጠረ የተጠናቀቁት አራት ብቻ ናቸው። ልጆቹ ግን ማየት ለምደዋል። ስድስቱ ፔታሎች በአንድ ቅድ እንዲቆረጡ ሲነገራቸው እምቢ አሉ፤ ሦስቱ የውስጦቹ ሰፋ ያሉ፣ ሦስቱ የውጪዎቹ ጠበብ ያሉ መሆናቸውን አይተው ነበር። የአበባውን ብናኝ የሚይዙትን ስድስት ዘንጎች ራስም መሃሉ ላይ አስረው እንዲወዛወዝ አደረጉት፤ በእውነተኛው ሊሊ ላይም የሚወዛወዘው እንዲሁ ነው።

ጉድለቶቻችንን አንደብቅም። ቁሳቁሳችን የሚቀመጥበት ክፍል ጣሪያ አፍስሶ ቀዩ ወረቀት ነጩ ላይ ለቀቀ፤ አንድ ካርቶን ሙሉ ተጣለ። ለወላጆች ቀን መስኮት ላይ የደረደርናቸው ቀይ አበቦች በጥቂት ሳምንታት ፀሐይ በልቷቸው ገረጡ፤ ቦታውን የመረጥነው እኛው ነንና ጥፋቱ የእኛ ነው። የሙቅ ኮላ ሽጉጥ ሞክረን ሁለት ተማሪዎች ጣታቸውን ስላቃጠላቸው አቁመናል። የክፍሉ መቀሶች ደንዝዘዋል፤ የሽቦ መቁረጫ ስለሌለ ሽቦውንም ወረቀቱንም የሚቆርጡት እነሱው ናቸው። በደነዘዘ መቀስ የተቆረጠ ክሬፕ ጠርዙ ይቦጫጨቃል፤ ከዚያ ወዲያ የልጁን እጅ መውቀስ ተገቢ አይመስለንም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። «ባለ 180 ግራም» የሚባለው ወፍራም ክሬፕ ጥቅሉ 50 ሴንቲ ሜትር በ2.5 ሜትር ነው። 6 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፔታል በቁመቱ 8፣ በርዝመቱ 50፣ በድምሩ 400 ይወጣዋል። በአንድ ጽጌረዳ 15 ፔታል ብለን ብናሰላ፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ ከአንድ ጥቅል ከ20 በላይ ጽጌረዳ ይሠራል። ማጣበቅ አያስፈልገውም፤ የምንከስራቸውን 20 ደቂቃዎችም ይመልስልናል። ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫና ሁለት አረንጓዴ፣ በድምሩ አምስት ጥቅል ለሚመጣው ዓመት ይበቃናል። ከዚያ ላይ አራት የሽቦ መቁረጫ፣ ለወረቀት ብቻ የሚውሉ ስምንት መቀሶች፣ ከመሬት ከፍ ያለና የሚቆለፍ አንድ ቁም ሳጥን እንፈልጋለን። ለሌሎች ክበባት በየዓመቱ ከሚፈቀደው ጋር ይተያይልን። የስብሰባ ቀናችን ከተለወጠልን ደግሞ ከስድስቱ ልጆች አራቱ እንደሚመለሱ ነግረውናል።

የልጅቷ ጽጌረዳ አሁን በቤተ መጻሕፍቱ ከመስኮት ርቆ፣ ከመዝገበ ቃላቱ መደርደሪያ በላይ ተቀምጧል። የሚያዩት ሁሉ ከላይ አይተውት ያልፋሉ። እባካችሁ በግንዱ ይዛችሁ ገልብጡትና ከሥሩ እዩት።