ላየንስን ስናመሰግን ሽንት ቤቱንም እናንሣ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን እዚህ ሞጣ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስለ በጎ አድራጎት ማኅበራት ጨዋታ ተነሣና አንድ ወዳጄ «ላየንስ ክለብ ማለት ሆቴል ተሰብስበው ምሳ የሚበሉ ባለገንዘቦች ናቸው» አለ። እዚያው መልስ ሰጥቼዋለሁ። ግን እንደ እሱ የሚያስብ ብዙ ሰው ስላለ ለእናንተም ጻፍኩ። ምሳውን ይብሉ፤ እኔ የማወራው ስላየሁት ሥራ ነው።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ገጠር ያገለገልኩበት ዘመን አብዛኛው ያለፈው ከትራኮማ ጋር ስታገል ነው። በሽታው ከልጅነት ይጀምራል፤ ዝንብ ከአንዱ ሕፃን ፊት ወደ ሌላው ታዛምተዋለች። ሲደጋገም የላይኛው የዓይን ቆብ ከውስጥ ይጠባሰስና ፀጉሩ ይቀለበሳል። ከዚያ ወዲያ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል። እናቶች ወረንጦ ከማተባቸው ጋር አንጠልጥለው ይዞሩ ነበር፤ ጎረቤት ለጎረቤት ፀጉር ሲነቃቀል መዋል ማንንም አይገርምም። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆኑት ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቷል።

የላየንስ ክለቦች የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋሙት ከካርተር ማዕከልና ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆነው ሥራውን የጀመሩት ከዚያ ጥናት በፊት ነው። (ክለቡ በ1917 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ ተመሠረተ፤ በ1925 ደግሞ ሄለን ኬለር ጉባኤያቸው ላይ ተገኝታ ለዓይነ ስውራን እንዲቆሙ ጠየቀቻቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ዓይን ላይ ናቸው።) በእኛ አገር በኩል ይህን ሥራ በመምራት ስማቸው የሚነሣው ዶክተር ጥበበ የማነብርሃን ናቸው። በላየንስ ድጋፍ የቀዶ ሕክምና ዕቃ መጣ፣ እንደ እኔ ያሉ ነርሶች የተቀለበሰ ቆብ ማቅናት ሠለጠኑ። ታካሚዎቹ ስፌቱ ሲወጣላቸው ቀድመው የሚጠይቁኝ እሳት ዳር መቀመጥ ይችሉ እንደሆነ ነበር። ጭሱን ለዓመታት ሲሸሹት ኖረዋላ!

በኅዳር 2001 ዓ.ም. ደግሞ «ማልትራ» የምንለው የወባና የትራኮማ ዘመቻ ተጀመረ። የክልሉን ግማሽ በአንድ ሳምንት ማዳረስ ነበር። ለትራኮማው የሚሰጠው አዚትሮማይሲን መጠኑ የሚለካው በቁመት ስለሆነ ሚዛን ሳይሆን ምልክት ያለበት ዘንግ ይዘን ነበር የምንወጣው። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የዓይን ቅባት እንሰጥ ነበር። መድኃኒቱ የፋይዘር ስጦታ ነው፤ በክልሉ የታደለው ከ100 ሚሊዮን ዶዝ በላይ አልፏል።

ብዙ ሰው የሚያነሣው ይህን መድኃኒት ነው። እኔ የማስቀድመው ሽንት ቤቱን ነው። ትራኮማ የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ አይሆንላትም። ስለዚህ በየቤቱ ጉድጓድ ይቆፈር ተባለ፤ ሲሚንቶ የለ፣ ቆርቆሮ የለ፣ እንጨትና ጭቃና ሣር ብቻ። እኛ ስለ ዝንብ ስናስተምር ወንዶቹ ያዛጉ ነበር። ነገሩን ያፋፋሙት ሴቶቹ ናቸው። ወንድ በቀን ብርሃን ጫካ ቢገባ ማንም አይናገረውም፤ ሴት ግን ገና ሳይነጋ ካልወጣች እስኪጨልም ሆዷን ይዛ መዋል ነበረባት። ይህን በጤና ትምህርታችን ውስጥ አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም። እነሱ ግን ገብቷቸው ባሎቻቸውን አስቆፈሩ፣ እርስ በርስም ተፎካከሩ፤ ከታሰበው በላይ ተሠራ። ጂሚ ካርተር ራሳቸውን በዓለም የታወቅሁ ሽንት ቤት ሠሪ ነኝ እያሉ ይቀልዱ ነበር።

እንግዲህ ክለቡን ማክበር ከተፈለገ ዋንጫና ሰርተፊኬት ይብቃ። ጋዜጠኛ ወደ ገጠር ቀበሌ ልካችሁ እነዚያን ሴቶች አነጋግሩ፤ ሥራውን ከእነሱ በላይ የሚመሰክር የለም። ትራኮማ አልጠፋም። ዘመቻው ዙር በዙር የተደጋገመባቸው ወረዳዎች ውስጥ እንኳ ዛሬም አለ፤ በክልሉ ያለው ግጭትም ሥራውን አክብዶታል። ቆባቸው ተቀልብሶ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። የላየንስ አባላት ይህን ደብዳቤ ካያችሁት፣ ጡረታ የወጣነው ነርሶች እጃችን ገና አልተንቀጠቀጠም፤ መንገዱ ሲከፈት ጥሩን።

ጡረተኛ ነርስ፣ ከሞጣ