ለጥቂት መትረፍም ይመዝገብ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም የላብራቶሪ ቴክኒሺያን ሆኜ ስሠራ 16 ዓመት አለፈኝ። የተቋሙን ስም አልጠራም። ማንንም ለማሳጣት አልተነሳሁም፣ ችግሩም የኛ ቤት ብቻ አይመስለኝም። ስለ ሥራ ላይ አደጋ ሲወራ የሚነሱት ከፎቅ የወደቀ ግንበኛና እጁን ማሽን የበላው የፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። መነሳታቸው ልክ ነው። ላብራቶሪ ግን ነጭ ጋዋን የለበሱ የተማሩ ሰዎች ቤት ስለሆነ ምንም የማይደርስበት ይመስላል። ይደርስበታል። እኔን ይበልጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ ከደረሰ በኋላ መዝገብ ላይ የምናሰፍረው ነገር ነው።

ባለፈው ግንቦት የሆነውን ልንገራችሁ። የድሬን ግንቦት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ግድግዳው ራሱ ይፋጃል። መብራት ጠፍቶ ጭስ የሚስበው ፊውም ሁድ ቆሟል። አንድ ተመራቂ ተማሪ የተረፈውን ናይትሪክ አሲድ ሊያስወግድ ፈልጎ መደርደሪያ ሥር ያገኘው የቆሻሻ ኬሚካል ጠርሙስ ውስጥ ገለበጠው። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በሙቀቱ ሙጫው ለቆ ወድቋል። ውስጡ የነበረው ኢታኖል ነው። ናይትሪክ አሲድና አልኮል ሲገናኙ ሁሌ ወዲያው አይጮሁም፤ ቀስ እያሉ ይሞቃሉ፣ ጋዝ ይፈጥራሉ፣ ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ ደግሞ ጋዙ መውጫ ያጣል። ልጁ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ምሳ ሊበላ ወጣ። ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ፈነዳ። በሩን ስንከፍት ቀይ ቡናማ ጭስ ፊታችን ላይ ወጣ፣ ዘግተን ሸሸን። ሰዓታት ቆይተን ስንገባ የጠርሙሱ ስብርባሪ ኮርኒሱ ላይ ተሰክቷል። አንዱ ስባሪ ልጁ ጠዋት ሙሉ ከተቀመጠበት በርጩማ ጀርባ ያለውን የጓንት ካርቶን በስቶ ገብቷል። በቁመቱ ካየሁት፣ ቁጭ ብሎ ቢሆን ኖሮ አንገቱ ጋ ነበር የሚያርፈው።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አንዱ። «እንኳን እግዜር አተረፈህ» አልነው ልጁን። ከዚያ ፎርም ተሞላ። ፎርማችን እንግሊዝኛ ነው፣ ሳጥኑም ሁለት ብቻ ነው፤ የሰው ጉዳት እና የንብረት ጉዳት። የሞላሁት እኔ ነኝ። የንብረቱ ላይ ምልክት አድርጌ «ጠርሙስ፣ ባለ 2.5 ሊትር፣ ብዛት 1፣ ተሰብሯል» ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ ንብረት ክፍል ሄደ፣ ንብረት ክፍል ጠርሙሱን ከዝርዝሩ ሰረዘ። ሰኔ ላይ የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ «በበጀት ዓመቱ የደረሰ አደጋ፦ የለም» ይላል።

እዚህ ውስጥ የዋሸ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። እኔም የጻፍኩት እውነት ነው፣ ጠርሙስ ተሰብሯል። ሪፖርቱን ያዘጋጀውም ሰው የሰው ጉዳት የሚለውን አምድ አይቶ ባዶ ስለሆነ ነው «የለም» ያለው። ሁላችንም እውነት ጽፈን አንድ ላይ ሲደመር ግን ትልቅ ነገር ጠፋ። ብዙ ቀን ሳስበው ከቃላችንም የሚመጣ ነገር ያለ መሰለኝ። «አደጋ» የምንለው የደረሰውንም ሊደርስ ያለውንም ነው። «አደጋ ደረሰ» እንላለን፣ «መንገዱ አደጋ አለው» እንላለን። ስለዚህ «አደጋ የለም» ስንል ማንም አልተጎዳም ማለታችን ይሁን ወይስ የሚያሰጋ ነገር የለም ማለታችን፣ ጸሐፊውም አንባቢውም አይለየውም። አለቃ ሪፖርቱን ሲያነብ የሚረዳው ሁለተኛውን ነው፣ እፎይ ብሎም ይተኛል።

ሁለተኛው ነገር ያንን ያህል ድምፅ አልነበረውም። እኔን የባሰ ያመመኝ ግን እሱ ነው። ላብራቶሪያችንን የሚያጸዱልን እትዬ አሉ፤ ተቀጥረው የሚሠሩት በኤጀንሲ ነው። አንድ ቀን የቆሻሻ ፌስታል ሲጭኑ ጣታቸውን መርፌ ወጋቸው። መርፌ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ እንጂ ፌስታል ውስጥ መገኘት አልነበረበትም፤ ማን እንደጣለው እስካሁን አልታወቀም። ጣታቸውን ጨመቅ አድርገው፣ በአልኮል ጠርገው ሥራቸውን ቀጠሉ። ለማንም አልነገሩም። በአራተኛው ቀን ቡና ላይ ተቀምጠን ሌላ ነገር ስናወራ «እንዲያውም ባለፈው እንዲህ ሆኜ…» ብለው አነሱት። ለምን አልነገሩንም ስላቸው «ኤጀንሲው ሥራ አትችይም ብሎ ቢያባርረኝስ?» አሉኝ። ፎርሙም በማያነቡት ቋንቋ ነው። ሲመዘገብ ምን ተባለ መሰላችሁ? «ቀላል ጉዳት»። በዚያው ሳምንት እግሩ ላይ ጠረጴዛ የወደቀበት ባልደረባችን «ከባድ» ተብሎ ተመዝግቧል፣ ሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ ስለወሰደ። ምድቡ የሚለካው ከሥራ በቀሩበት ቀን ነዋ!

የመርፌ ጉዳት በፈሰሰው ደም መጠን አይለካም። የጉበት ቫይረስ ቢ ባለበት ደም የተነካ መርፌ ክትባት ያልወሰደ ሰው ቢወጋ፣ ከ100 ሰው ውስጥ እስከ 30 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። ኤች አይ ቪ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፣ ከ1,000 ሦስት ገደማ፤ መከላከያ መድኃኒትም አለው፤ 28 ቀን የሚወሰድ ነው። መጀመር ያለበት ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። እትዬ በአራተኛው ቀን ሲነግሩኝ 72 ሰዓቱ አልፏል። እስካሁን ምርመራቸው ደህና ነው፣ የጉበቱንም ክትባት ጀምረዋል። እነዚያን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፏቸው ግን እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ቀን ሻይ ቀድቼ ስሰጣቸው «ብርጭቆዬን ለብቻ አድርጊልኝ» አሉኝ።

እስቲ ይህን «ቀላል» የሚል ቃል በየትኛው አፍ ነው የምንጠራው?

የምድብ ነገር የወረቀት ጣጣ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይደለም። ምድቡ ነው ወረቀቱ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው። ጠርሙሱ «ንብረት» ስለተባለ ንብረት ክፍል ሄደ፣ ስለዚህ የቆሻሻ ኬሚካል አሰባሰባችንን ያየው ሰው የለም። በሌላ በኩል የኑክሌር ማመንጫዎችን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ከ0 እስከ 7 የሚሄድ ዓለም አቀፍ መለኪያ አላቸው። ቼርኖቢልና ፉኩሺማ 7 ናቸው። ከ1 እስከ 3 ያለው «አደጋ» ተብሎ አይጠራም፣ ግን ይመዘገባል። ደስ ያለኝ አመዳደቡ ነው። ሰውና አካባቢ ተጎድቷል ወይ ብቻ ብለው አይጠይቁም። ጨረሩን የያዘው አጥር ተነክቷል ወይ ይላሉ፤ ማንም ሳይጎዳ፣ ምንም ሳይወጣ፣ አደጋ እንዳይደርስ የተዘጋጀው መከላከያ ራሱ ሳስቷል ወይ ብለውም ይጠይቃሉ። የኛ ጠርሙስ በዚህ ዓይን ቢታይ ኖሮ ሳጥን አያጣም ነበር። መለያው ተልጦ ወድቋል፣ ፊውም ሁዱ ቆሟል፣ ተማሪው ብቻውን ነው፣ የትኛው ከየትኛው እንደማይቀላቀል የሚናገር ወረቀት ግድግዳ ላይ የለም። አራት አጥር ፈርሶ ያዳነን የምሳ ሰዓት ነው።

ለጥቂት የተረፈን ነገር አለመናገር ምን እንደሚያመጣ የአውሮፕላን ሰዎች በደም ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 አሜሪካ ውስጥ ቲ ደብሊው ኤ 514 የተባለ አውሮፕላን ዋሽንግተን አካባቢ ሊያርፍ ሲል ተራራ መታ፣ የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ከስድስት ሳምንት በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች በዚያው መስመር፣ የማረፊያ መመሪያውን እንደዚያው በስህተት ተረድተው፣ ያንኑ ተራራ ለጥቂት ስተውት ነበር። አየር መንገዱ ለራሱ አብራሪዎች ነገረ። ለሌሎቹ የሚያደርስበት መንገድ ግን አልነበረም። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1976 ሪፖርት መቀበያ ተቋቋመ። የሚያስተዳድረው አብራሪውን የሚቀጣው መሥሪያ ቤት እንዳይሆን ተብሎ ለናሳ ተሰጠ። የሪፖርት አድራጊው ስም ይሰረዛል። ሳያውቅ ተሳስቶ በጊዜው የተናገረ ሰው ከቅጣት የሚጠበቅበት መንገድም አለ። ሆን ብሎ ሕግ ለጣሰ ወይም ወንጀል ለሠራ ከለላ አይሰጥም፣ ይሄም ልክ ነው።

እኛ ጋ ጠርሙሱ የፈነዳበት ልጅ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። ጓደኞቹ ፊት። «አቦ፣ ዝም ብዬ ጠርጌ መውጣት ነበረብኝ» አለኝ ከቢሮ ሲወጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ ተማሪ እንኳ ምንም ነገር ሪፖርት አላደረገም። ምንም ሳይፈጠር ቀርቶ አይደለም። ለማዳቀያ የሚሆን የከብት ዘር የምናስቀምጥበት ፈሳሽ ናይትሮጅን ያለበት ጠባብ ክፍል አለ፤ አንዱ ሠራተኛ በሩን ዘግቶ ሲቀዳ ራሱን አዞረው፣ ወጥቶ ንፋስ ተቀብሎ ለስላሳ ጠጣና ተመልሶ ገባ። አንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ሲተን 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል፤ ሽታ የለውም፣ የክፍሉን ኦክስጅን ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ይህን የሰማሁት በወሬ ነው። መዝገብ ላይ የለም።

የደቻቱ ወንዝ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለብንም። ደቻቱ ደርቆ አሸዋው ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ያየ እንግዳ፣ ይሄ ሰው ይወስዳል ብትሉት አያምናችሁም። እኛ ግን እናውቃለን፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል፣ ላይ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ይመጣል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዶብናል። ከላይ ደውሎ «እዚህ ኃይለኛ ዝናብ ነው፣ ከወንዙ ውጡ» የሚል ሰው ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ድሬ ላይ ለማንም አይነገርም። ለጥቂት የተረፈ ነገር ሪፖርት ማለት ያ ስልክ ነው። ደውሎ የነገረንን ሰው «ለምን ዘነበ?» ብለን አንቀጣውም አይደል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋና ከሥራ የመጣን በሽታ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያዛል። ጥሩ ነው። ለጥቂት የተረፈውን መመዝገብ ግን እያንዳንዱ ቤት ራሱ ካላሰበበት አይሆንም፣ ብዙ ወጪም የለውም። እኔ ብጠየቅ ፎርሙ ላይ ከሰውና ከንብረት ጉዳት ሌላ ሦስት ቦታ እጨምራለሁ። አንዱ ለበሽታ ወይም ለኬሚካል መጋለጥ ነው፣ ቁስል ባይታይም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ እንዲያስኬድ። ሁለተኛው ለጥቂት ለተረፈ። ሦስተኛው ገና ምንም ላልፈጠረ፣ ለሚያሰጋ ነገር። ለምሳሌ የዓይን ማጠቢያችን ውሃ ካቋረጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ አሲድ የገባበት ዓይን ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ መታጠብ ስላለበት ይሄ ራሱን የቻለ ሪፖርት ነው። ከዚያ ሁለት ጥያቄ ለየብቻ ይቀመጥ፤ «ምን ሆነ?» እና «ቢብስ ምን ይሆን ነበር?»። የጠርሙሱ የመጀመሪያ መልስ አንድ ጠርሙስ ነው። የሁለተኛው መልስ አንድ ልጅ ነው።

ምድቡን ደግሞ የነገሩ ባለቤት አይምረጠው። እሱ የሆነውን ይንገር፣ በኦሮምኛም በሶማልኛም በአማርኛም፣ በቃሉም ቢሆን፣ ሌላ ሰው ይጻፍለት። ቴክኒሺያንና የጽዳት ሠራተኛ ያሉበት ኮሚቴ በሳምንቱ ይመድበው፣ ምን እንደተደረገም ለተናገረው ሰው ይመለስለት። መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አይናገርም። የኤጀንሲ ሠራተኞችም እኩል ይካተቱ፣ ፌስታሉን የሚያነሱት እነሱ ናቸው።

«እንዲህ ከመዘገብን ቁጥሩ ይበዛል፣ ለጋሾች ይሸሻሉ» የሚሉኝ አለቆች አሉ። በመጀመሪያው ዓመት በእርግጥ ይበዛል። የሚበዛው ግን የምናውቀው ነው፣ አደጋው ቀድሞም ነበር። እኔ ገንዘብ ሰጪ ብሆን 16 ዓመት ሙሉ «የለም» የሚል ሪፖርት የሚልክልኝን ላብራቶሪ ነበር የምጠራጠረው።

በመጪው ወር ፎርሙን የሚያሻሽል ስብሰባ አለን፣ ይህን ደብዳቤ ካተማችሁልኝ ይዤው እገባለሁ። ሐረር፣ ሐረማያ፣ ጅግጅጋም ሆነ ሌላ ቦታ በላብራቶሪ የምትሠሩ አንባቢዎች የእናንተ ፎርም ስንት ሳጥን እንዳለው በዚሁ ገጽ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ
ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን