ከግድግዳው ላይ የቀረው፦ የባዮሎጂ ክበብ የ2018 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ የጄን ጉዶል ሞት የተሰማውም በዚያው ሰሞን ነበር። መስከረም 21 ቀን በ91 ዓመታቸው አረፉ። ከተሰበሰቡት ልጆች ስማቸውን የሚያውቁት ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ ያዘጋጀሁትን ዕቅድ ወደ ጎን አድርጌ ስለ እሳቸው አወራን።

ጄን ታንዛኒያ ውስጥ ጎምቤ ጫካ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። 26 ዓመታቸው ነበር፤ ገና ዲግሪ እንኳ አልነበራቸውም። አንድ ቀን አንድ ቺምፓንዚ ቀጭን ቅርንጫፍ ሰብሮ፣ ቅጠሉን መልምሎ፣ ኩይሳ ውስጥ እየሰደደ ምስጥ ሲያወጣ አዩ። ሲሰሙት ቀላል ነገር ይመስላል። ግን በዚያ ዘመን ሰው ማለት መሣሪያ የሚሠራ ፍጡር ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ወደ ጫካው የላኳቸው የጥንተ ሰው ተመራማሪ ሉዊስ ሊኪ ዜናው ሲደርሳቸው፣ ወይ የመሣሪያን ትርጉም፣ ወይ የሰውን ትርጉም መቀየር አለብን፤ ካልሆነም ቺምፓንዚን ሰው ነው ብለን እንቀበል አሉ።

ይህን ስነግራቸው ከኋላ የተቀመጠች የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ታዲያ ቲቸር፣ እኛን የሚለየን ምንድን ነው?» አለች። ዓመቱን ሙሉ የሠራነው እሷን ጥያቄ ነው።

ፍሊፕ ቻርት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ሁሉም የመሰለውን ጻፈ። መናገር። ማሰብ። መሣሪያ መሥራት። በሁለት እግር መሄድ። ራስን በመስታወት ማወቅ። መተባበር። ምግብ ማብሰል። እኔም «ማስተማር» ብዬ ጨመርኩ። ሕጋችን አንድ ነበር። ያንን ነገር የሚያደርግ እንስሳ የትና በማን እንደታየ ይዞ የመጣ ልጅ ቃሉን ይሰርዛል።

አንዲት ልጅ «ነፍስ» ብላ ጻፈች። እዚህ ላይ ቆም ብለን ተነጋገርን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከቤቱ የያዘውን በነፃነት ተናገረ። በመጨረሻ ቃሏን ከላይ በሳጥን ውስጥ ለብቻዋ አስቀመጥናት። እኛ የምንሠራው በሚታይና በሚለካ ነገር ነው። እሷ በዚያ አትለካም። እስከ ሰኔ ማንም አልነካትም።

ሌሎቹ ግን በፍጥነት መሰረዝ ጀመሩ። በሁለት እግር መሄድ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደቀ፤ አንዱ «ዶሮስ?» አለ። መስታወቱ በቺምፓንዚና በዝሆን ተሰረዘ። «ፈጥኖ ማስታወስ» የሚለውን ደግሞ ኮምፒውተር ክፍል ገብተን ፈተንነው። ጃፓን ኪዮቶ ውስጥ አዩሙ የሚባል ወጣት ቺምፓንዚ ስክሪን ላይ ከሩብ ሴኮንድ ላነሰ ጊዜ ብቻ የታዩ አምስት ቁጥሮችን ቦታ ይዞ በተራ ይነካል። ብዙውን ጊዜም አይሳሳትም። ልጆቹ ሞከሩት፤ አልሆነላቸውም። በኋላ ላይ ሰዎችም ብዙ ከተለማመዱ እንደሚደርሱበት ታይቷል። ቢሆንም በክፍላችን ጎበዞች ፊት ላይ ያየሁት ድንጋጤ ጥሩ ትምህርት ነበር።

መናገር ብዙ አከራከረን። ኬንያ አምቦሴሊ ውስጥ ያሉ ጦጣዎች ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ የማስጠንቀቂያ ድምፅ አላቸው። የነብሩን ሲሰሙ ዛፍ ላይ ይወጣሉ። የንስሩን ሲሰሙ ወደ ሰማይ ያያሉ። የእባቡን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ቆመው መሬቱን ይቃኛሉ። እስኪሪብቶው ሊሰርዝ ሲል አንዱ «ጦጣዋ ትናንት እዚህ ነብር ነበር ማለት ትችላለች?» ብሎ ጠየቀ። ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው። የቤተሰቡ ሙያ ንብ ማነብ የሆነ ልጅ ደግሞ ንብ ከቀፎ ርቆ ያለ አበባ የት እንዳለ በጭፈራ እንደምትናገር አመጣ። ካርል ፎን ፍሪሽ ያንን ጭፈራ ፈትተው እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ንቧ ግን ስለ አበባ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ አዲስ ማደሪያ እንጂ ስለ ሌላ አታወራም። ቃሉ ሳይሰረዝ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት ተደረገበት።

የእኔም ቃል አልተረፈችም። ደቡብ አፍሪካ በረሃ ውስጥ ሚርካት የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት አሉ። ትልልቆቹ ለግልገሎቻቸው መጀመሪያ የሞተ ጊንጥ ያቀርባሉ። ቀጥሎ መርዘኛ ጅራቱ የተነቀለ፣ በመጨረሻም ሙሉውን ሕያው ጊንጥ ይሰጧቸዋል። ይህ ከማስተማር ሌላ ምን ይባላል? የ9ኛ ክፍል ልጅ መጥታ በቀይ ስትሰርዘው፣ እውነቱን ለመናገር ኮራሁባት።

የካቲት ላይ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። የጥንት ዘመዶቻችንን ቅሪተ አካላት፣ ድንቅነሽንና ሰላምን ለማየት ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለችው የድንቅነሽ ቅጂ ናት፤ እውነተኛው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። አንዳንዶቹ ቅር አላቸው። ዓመቱ ሲጀምር ሁለቱም ፕራግ ላይ ለ60 ቀናት ለሕዝብ መታየታቸውን ስለሰሙ፣ «እኛስ?» ብለው ጠየቁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ድንቅነሽ ከ3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። አንጎሏ ግን ከእኛ ሲሶ ገደማ ነው። ስለዚህ ቀድሞ የተለወጠው እግር እንጂ ጭንቅላት አይደለም። በዶ/ር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሰላም ደግሞ ሕፃን ናት፤ 3 ነጥብ 3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። የራስ ቅሏ ሲጠና፣ የዘመዶቿ ልጆች አንጎል ለረጅም ጊዜ ቀስ ብሎ ያድግ እንደነበር ታየ። ማለትም ልጅነታቸው ረጅም ነበር። ይህች ነገር ከሙዚየሙ ስንወጣ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ረጅም ልጅነት ለምን ይጠቅማል?

መልሱን ያየሁት በትምህርት ቤታችን ግቢ ነው።

አፋር ጎና ውስጥ 2 ነጥብ 6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የተጠረቡ ድንጋዮች ተገኝተዋል። እኛም እንሞክር አልን። ከስምጥ ሸለቆ ባልጩት አስመጣን፤ መነጽርና ጓንት አደረግን። አንድ ሰዓት ሙሉ መታን። ድንጋዩ ይፈረካከሳል እንጂ ስለታም ስባሪ አልወጣ አለ። ከዚያ አንዲት ዝምተኛ የ9ኛ ክፍል ልጅ አንድ ጊዜ መታችና ቀጭን ስባሪ ወጣ። ወረቀት ቆረጠችበት። ሁሉም ከበባት። «ጠርዙን እዩት፣ ሾል ያለ መሆን አለበት። እዚህ አትምታ፣ እዚህ። አይ፣ እጅህን እንደዚህ አዙር» ትላለች። ትመታለች፣ ታቆማለች፣ ቀና ብላ ዓይን ዓይናቸውን ታያለች። ገብቷቸው እንደሆነ እያረጋገጠች ነው። እኛን አንድ ሰዓት የፈጀብን ነገር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለአብዛኞቹ ደረሰ። አንዱማ የእሷን አያያዝ አሻሽሎ የተሻለ ስባሪ አወጣ፤ እሷ ደግሞ ከእሱ ወሰደች።

ኮንሶ ውስጥ በድንጋይ መፋቂያ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች አሉ። ድንጋዩን የሚያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው፤ ሙያውም ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ይህን ለልጆቹ የነገርኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ እንዲህ አይገባቸውም ነበር።

ምዕራብ አፍሪካ ያሉ ቺምፓንዚዎችም ጠንካራ ቅርፊት ያለውን ፍሬ በድንጋይ ይሰብራሉ። ልጁ ለመልመድ ዓመታት ይፈጅበታል። እናቱ አጠገብ ተቀምጦ ያያል፣ ይሞክራል። እሷ ቆም ብላ ማሳየቷ ግን እምብዛም አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት 106 ቺምፓንዚዎችን፣ 32 ኦራንጉታኖችንና 105 የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃናትን በተመሳሳይ ፈተናዎች አወዳደረ። ዕቃ በመፈለግ፣ ብዛት በመለየት ሕፃናቱና ቺምፓንዚዎቹ እኩል ለእኩል ነበሩ። ሕፃናቱ ርቀው የሄዱት ሰው ያሳያቸውን በመማርና ሰው የጠቆማቸውን በመረዳት ነው። እኔ ዘንድሮ የገባኝ ይህ ነው። አንድ ሕፃን ብቻውን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ላይ አብረው ሲያዩ ነው ነገሩ የሚለየው።

ዓይናችንም ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ነጩ ክፍል ጎልቶ ስለሚታይ ወዴት እንደምናይ ከሩቅ ይታወቃል። ልጆቹ ቤታቸው ባሉ ሕፃናት ላይ ሞከሩት። ጭንቅላት ሳይነቃነቅ በዓይን ብቻ ወደ ጣሪያ ማየት ነው። ሕፃናቱ ተከትለው ቀና ይላሉ። ትልልቆቹ ዝንጀሮዎች፣ እነ ቺምፓንዚና ጎሪላ፣ በአብዛኛው የሚከተሉት ጭንቅላትን ነው።

መጨረሻ የተሰረዘው «መተባበር» ነው። የሰረዘው ወላጆቹ ከቦረና የመጡ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ማር የምትመራ ወፍ አለች። እየጮኸች ከዛፍ ዛፍ ትሄዳለች፣ ሰው ይከተላታል፣ ማሩን ሰው ይወስዳል፣ ሰፈፉን እሷ ትበላለች። ሰሜን ኬንያ ባሉ ቦረናዎች መካከል የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት፣ ያለ ወፏ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 8 ነጥብ 9 ሰዓት፣ ከወፏ ጋር 3 ነጥብ 2 ሰዓት እንደሚፈጅ ለክቷል። ሰዎቹ ወፏን የሚጠሩበት «ፉሊዶ» የሚባል ፉጨት አላቸው። ልጁ ቃሉን ሰርዞ ሳይቀመጥ አንድ ነገር ተናገረ። «ወፏ የምትፈለፈለው በሌላ ወፍ ጎጆ ነው፤ እናቷን አታውቃትም። ፉጨቱን ግን አባቴ ያወቀው ከአባቱ ነው» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

አሁን ግድግዳው ላይ ያልተሰረዙት ከሳጥኗ ውጪ ሦስት ናቸው። «ምግብ ማብሰል»፣ የጥያቄ ምልክት ያለበት «መናገር»፣ እና ሰኔ ላይ አንድ ሰው በእርሳስ የጨመረው «ከተማረው ላይ መጨመር»። ይህን የጻፈው ማን እንደሆነ አልታወቀም። እንስሳትስ ትንሽ ትንሽ አይጨምሩም ወይ የሚለው ገና ተመራማሪዎችን ያከራክራል። የመስከረም ልጆች ይፈትኑት።

ባልጩቱ በሣጥን ተቀምጧል። ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ እንዴት እንደሚጠረብ በሥዕል አስደግፋ በደብተር ጽፋለች። አራት ገጽ ሞልታ ቀሪውን ባዶ ትታዋለች። መነጽራችን ስድስት ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ቢያንስ አሥር ተጨማሪ ያስፈልገናል፤ መርዳት የምትችሉ ወላጆች ቤተ ሙከራ ብትመጡ አገኛችኋለሁ።