ውሃው ከወገቤ አያልፍም ነበር

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? የላክሁት ቅባት እንደደረሰሽ እታለም ነግራኛለች። ማታ ማታ እሽት አድርጊበት፤ እባክሽ ለጎረቤት አታከፋፍዪው።

በእጄ የምጽፍልሽ በስልክ ስላልሆነልኝ ነው። ባለፈው እሑድ «ጀልባ ላይ ወጥተህ ልትሰጥም ነበር አሉ» ብለሽ ማልቀስ ስትጀምሪ አፌ ተያያዘ። አንቺ እያለቀስሽ እኔ ማስረዳት አልችልበትም። ወሬውን ማን እንዳደረሰሽ አልጠይቅም፤ የነገረሽም ሰው አስቦልኝ ነው። ግን የሆነው እንደዚያ አይደለምና ከመጀመሪያው ልንገርሽ። መነጽርሽን አድርገሽ አንብቢው፤ ዓይንሽን ካመመሽ እታለም ቀስ እያለች ታንብብልሽ።

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» አልሽኝ። እማዬ፣ ይህን እኔም አልረሳሁትም። ቀበናን እንዴት እረሳለሁ? በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን የምንሻገረው፣ ቁርጭምጭሚት እንኳ የማይሸፍን ውሃ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን እኛ ሰፈራችን ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን፣ እንጦጦ ላይ የዘነበው ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ድንገት ይደርሳል። ያ የጎረቤታችን ልጅ ኳሱን ሊያወጣ ሲገባ ውሃው ጉልበቱ አይደርስም ነበር። ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ፣ አንቺ እጄን እስኪደነዝዝ ጨብጠሽው ነበር፤ የቀለበትሽ ምልክት ጣቴ ላይ እስከ ማታ አልጠፋም። ከዚያ ወዲያ ጫማዬ ረጥቦ ከገባሁ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ዋና ሳልማር ያደግሁት በዚያ ምክንያት ነው። አልወቅስሽም። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

እዚህ ያለውን ውሃ ደግሞ ላስረዳሽ። ቤቴ አጠገብ የሚያልፈው ወንዝ ፖቶማክ ይባላል። በዋሽንግተን በኩል አልፎ፣ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ቼሳፒክ የሚባል የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ይገባል። ወሽመጡ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ካርታ ላይ ስታዪው ያስፈራል። ጥልቀቱ ግን በአማካይ ስድስት ሜትር ተኩል አይሞላም። ከውስጡ 2,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ ረዘም ያለ ሰው እየተራመደ ቢያቋርጠው ጭንቅላቱ የማይሰጥምበት ነው። ጣናን ለማከል ትንሽ የቀረው ስፋት ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ታዲያ እንዲህ ያለ ውሃ ምን ያስፈራል?» ይለኝ ነበር። አንቺ ግን ቀበናን አይተሻል።

ይህ ውሃ የባሕር ወገን ስለሆነ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በዋናነት የምትስበው ጨረቃ ናት። ዋሽንግተን ከባሕሩ ያን ያህል ርቃ እንኳ፣ ወንዙ እዚያ አንድ ሜትር ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። ጠዋት ጀልባ ተንሳፋ ያየሽበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ሆኖ ይቆይሻል። ነፋስ ሲነሣም ማዕበሉ እንደ ጥልቅ ባሕር ረጅምና ዝግ ያለ አይደለም፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ በላይ በላዩ የሚደራረብ ነው። ትንሽ ጀልባን የሚያንገላታው እሱ ነው።

ጀልባዋ የሦስታችን ናት፤ የኔ፣ ምድር ቤት ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራው ልጅና የአንድ የባሕር ዳር ልጅ። አሮጌ ስለሆነች ዋጋዋ አያስደነግጥም፤ ለአንቺ ከምልከው በሷ ምክንያት አንድ ብር አልጎደለም። ርዝመቷ 19 ጫማ ነው፣ ስድስት ሜትር አይሞላም። ባለ ሸራ ጀልባ ከሥሯ የሚይዛት ነገር ከሌለ ነፋስ ወደ ጎን ይገፋታል። ስለዚህ ከሆዷ መሃል እንደ ቢላ ወደ ውሃው የሚወርድ ሳንቃ አላት። ሳንቃው ሲወርድ አንድ ሜትር ከሃያ ያህል ጠልቆ ይገባል። በገመድ ስበሽ ስታነሺው ግን ጀልባዋ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይበቃታል፤ ልብስ የምትዘፈዝፊበት ሳፋ ውስጥ ያለውን ያህል። የባሕር ዳሩ ልጅ መጀመሪያ ሲያያት «ይቺማ ታንኳ ናት» አለ። አያቱ በደንገል ታንኳ ጣና ላይ እንጨት ያመላልሱ ነበር። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ፣ ሲመለሱ ታንኳውን ከውሃ አውጥተው ለፀሐይ ያቆሙታል አለ። እሱ የነፋሱን አመጣጥ ከውሃው ፊት ያነባል፤ የእኔ ዓይን ገና አልለመደውም።

ለጋሼ ይህን ሳትረሺ ንገሪልኝ። የመጀመሪያው ቀን፣ ሸራ ያስተማረን ጡረተኛ ሽማግሌ ገመድ ሰጥቶኝ «እሰር» አለኝ። እጄ ሳላዘው ጋሼ ግቢያችን ውስጥ በልብስ ማስጫው ገመድ ያስተማሩኝን ቋጠሮ ቋጠረ። «ቀለበት ሥራ፣ ጫፉን ከሥር አውጣ፣ ከኋላ አዙር፣ በመጣበት መልስ» የሚሉኝ የነበረውን። ጀልባ ሙሉ ቢጎትቱበት የማይከዳ፣ ሲፈልጉት ግን በሁለት ጣት የሚፈታ ቋጠሮ ነው። ሽማግሌው ገመዱን ተቀብሎ ካየ በኋላ የት እንደተማርሁ ጠየቀኝ። «አጎቴ ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበሩ» አልሁት። ኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እንደነበራት አያውቅም ነበር። ቁጭ ብዬ ጋሼ ያጫወቱኝን ሁሉ አጫወትሁት፤ «ኢትዮጵያ» ስለምትባለው መርከብ፣ ከአሜሪካ በጥር 1954 ዓ.ም. ስለተረከብናት፣ በፊት ስሟ «ኦርካ» ስለነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲሠሯት ውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን እንድታገለግል፣ ጥልቀት የሌለው ወደብም እንድትገባ አድርገው ነበር። በ1983 ዓ.ም. የመን ገብታ እንደቀረች ስነግረው ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሼ ስለዚያች መርከብ ማውራት ካቆሙ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ በነጭ ልብሳቸው የተነሡት ፎቶ ግን ከሬዲዮኑ በላይ እንዳለ ነው። ይህን ስትነግሪያቸው ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጥቅምቱ ቅዳሜ ልምጣ።

ሌሊቱን ከሰሜን ምዕራብ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲነፍስ አድሮ፣ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነጋ። ጀልባዋን በተሳቢ ጎትተን ወሽመጡ ድረስ ወሰድናት። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት የነበረን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። ምሳ ለመብላት ወደ አንድ የባሕር ጥግ ተጠጋን። የውሃ ካርታው እዚያ አምስት ጫማ ይላል፣ አንድ ሜትር ተኩል ማለት ነው፤ የሳንቃችን ጥልቀት አንድ ሜትር ከሃያ ስለሆነ ይበቃናል ብዬ ነበር። ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ግን የሚነግርሽ ውሃው እንደ ልማዱ ሲጎድል የሚኖረውን ጥልቀት ነው። የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ሲገፋ ያደረ እንደሆነ ውሃውን ወደ ውቅያኖስ አስወጥቶ ከቁጥሩም በታች ያወርደዋል። ይህን ተምሬዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ግን አላሰብሁትም።

መጀመሪያ የሰማሁት በእጄ ነው። መሪውን የያዘው መዳፌ ውስጥ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚያንገጫግጭ ነገር መጣ፣ ቀጥሎ ጀልባዋ ቆመች። በዚህ ጊዜ የሚደረገው መጀመሪያ ሸራውን መልቀቅ፣ ከዚያ ሳንቃውን ማንሣት፣ ከዚያ በመጡበት መመለስ ነው። እኔ ቸኩዬ ሳንቃውን አስቀደምሁት። ሸራው ነፋስ እንደሞላ ስለነበር ጀልባዋ ነፃ እንደወጣች ተንሸራትታ የባሰ ጥልቀት ወደሌለው ገባች። ውሃውም መጉደሉን አላቆመም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በጎኗ ጋደም ብላ ጭቃ ላይ ተቀመጠች።

እዚያ ቦታ ውሃው ገና ሳይጎድል እንኳ ከወገቤ አያልፍም ነበር። ዳርቻው ከመርካቶ አንድ ጎን እስከ ሌላው አይርቅም፤ የሰው ቤት፣ የሚጨስ የጭስ ማውጫ ይታየናል። የባሕር ዳሩ ልጅ ወርጄ ልግፋ ብሎ አንድ እግሩን አወረደ። ጭቃው እስከ ጭኑ ዋጠው። በላይፍ ጃኬቱ፣ ውሃ ላይ በሚያንሳፍፈው ሰደርያ ማንገቻ ይዘን ስናወጣው ጫማው እዚያው ቀረ፣ የእግሩን መዳፍ ኦይስተር የሚባል የባሕር እንስሳ ቅርፊት ሸረከተው። ከዚያ በኋላ ማንም አልወረደም። ሽማግሌው ጋ ደውዬ ያለንበትን ነገርሁት። «ጀልባው ውስጥ ሁኑ፣ መልሕቅ ጣሉ፣ ልብስ ደርቡ። ከመሸ በኋላ ውሃው ይመለሳል» አለኝ። ባትሪ ለክፉ ቀን ይቆይ ብዬ ስልኬን ዘጋሁት። እንደ ልማድሽ ቅዳሜ ማታ ስትደውዪ ያላገኘሽኝ ለዚህ ነው፤ ወሬውም የተነሣው ከዚህ ነው። ያስጨነቅሁሽ በዚህ ነውና ይቅርታ አድርጊልኝ። ለአንቺ ቀድሞ መደወል ነበረብኝ።

በገና እታለም የላከችው ዳቦ ቆሎ ተርፎ ነበር፣ እሱን በላን። ጋቢዬን ሦስት ሆነን ለበስነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጭቃው እንደ መዳብ ቀላ፤ አንድ ረጅም እግር ያለው ወፍ አሥር እርምጃ ከእኛ ርቆ ዓሣ ይጠብቅ ነበር። ከዚያ ጨለመ፣ መብራት አበራን፣ ብዙም አላወራንም። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ጀልባዋ እንቅልፍ ላይ እንዳለ ሕፃን አንድ ጊዜ ተላወሰች። ጥቂት ቆይታ ደግማ ተነቃነቀች። ውሃው ከሥሯ መግባቱን የሰማሁት ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጥፌ ነው። ተመስገን አልን። መልሕቁን ስበን በትንሿ ሞተር ቀስ ብለን ተመለስን።

የሆነው ይህ ነው እማዬ። መስጠም አልነበረም። ብርድና ጭቃ ነበር፣ የኔም ጥፋት ነበር። ያዳነን ከጀልባዋ አለመውረዳችንና ላይፍ ጃኬታችን ነው። በጀልባ አደጋ ሰጥመው የሚሞቱት አብዛኞቹ እሱን ያልለበሱ ናቸው፤ እኔ ከመኪና ስወርድ አጥልቄው፣ መኪና ስገባ ነው የማወልቀው። ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ ያደረውን ነፋስ ሳላይ አልወጣም። ወደ ዳር የምጠጋውም ውሃው እየሞላ ባለበት ሰዓት እንጂ እየጎደለ ባለበት አይደለም፤ እየሞላ ከሆነ ጭቃ ቢይዘኝ ራሱ መልሶ ያነሣኛል። ማሪላንድ በምትባለው ጎረቤት ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1972 ወዲህ የተወለደ ሰው የተመዘገበ ጀልባ ለመንዳት የደህንነት ትምህርት ወስዶ ምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። የኔን ፎቶ አንስቼ ልኬልሻለሁ። ዋናም በ34 ዓመቴ ከሕፃናት ጋር ገንዳ ገብቼ ተማርሁ።

ለምን እንደምሄድ ጠየቅሽኝ። ሳምንቱን በሙሉ የማድረው ፀሐይ በማይገባበት ምድር ቤት፣ የመኪና ጭስ ውስጥ ነው። ውሃው ላይ ስሆን ከሸራው ድምፅ በቀር ምንም የለም። መንገዱን የሚያመለክቱት ቀይና አረንጓዴ ምልክቶች ውሃው መሃል ቆመዋል፤ ቀዩ ሙሉ ቁጥር፣ አረንጓዴው ጎዶሎ ቁጥር አለው፣ ከባሕር ስትመለሺ ቀዩን በቀኝሽ ትይዣለሽ። በየምልክቱ አናት ላይ ዓሣ የሚያድን አሞራ በመጋቢት መጥቶ ጎጆ ይሠራል። ጫጩቶቹ አንገታቸውን አውጥተው ስናልፍ ያዩናል። በዚያች ሰዓት ስላንቺ አስባለሁ፣ ስለ ግቢያችን አስባለሁ፤ ልቤም ያርፋል።

አሁን የምለምንሽ ነገር። እታለም የቀበና ዳርቻ ተሠርቶ እንዴት እንዳማረ ፎቶ ልካልኛለች። ማሙሽ ውሰዱኝ እያለ ያስቸግራል፣ አንቺም «ወንዝ አጠገብ አይደርስም» ብለሻል አሉ። እማዬ፣ እኔን በመከልከል አተረፍሽኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሱን ግን ዋና አስተምሪው። ከዚህ ጋር የሦስት ወር የዋና መክፈያ ልኬያለሁ፤ አሠልጣኝ ያለው ደህና ገንዳ ይፈልጉለት። ቅዳሜ ቅዳሜ እታለም ትውሰደው፣ አንቺም ፎጣውን ይዘሽ ዳር ላይ ተቀመጪ፤ ዓይንሽ ካየው ልብሽ ይረጋል። በክረምት እንጦጦ ሲጠቁር ግን ወንዙ አጠገብ ድርሽ እንዳይል፤ ያ ክልከላሽ ይጽና።

ጋሼ ደግሞ ጉልበቱ ካላቸው ያን ቋጠሮ ለማሙሽ ያሳዩልኝ። የልብስ ማስጫው ገመድ አርጅቶ ከሆነ አዲስ ይገዛ። እታለምን ሳሚልኝ፤ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

ቅዳሜ ማታ እኔ ነኝ የምደውለው።

ልጅሽ